ጠጅ ቤታችን ሠዓሊ የነደፈው ቲሸርት ሊያወጣ ነው፤ ሐሳብ አዋጡ

የማር_ልጅ

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። እናቴ ባሕር ዳር ጠጅ ቤት አላት። ትንሽ ቤት ናት። አግዳሚ ወንበር፣ ብርሌ፣ ጓሮ ውስጥ ጋኖች፣ ሌላ ነገር የለም። ጠጇን የቀመሰ ሁሉ ያመሰግናል። ግን ከሰፈሩ ሰው ውጭ ቤቷን የሚያውቅ የለም።

ውጭ አገር ያሉ ትንንሽ ወይን ጠማቂዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ሠዓሊ ይጠሩና ቲሸርት ያስነድፋሉ። ወይን ሊቀምስ የመጣ እንግዳ ጠርሙስ ባይገዛ እንኳ ቲሸርቱን ይዞ ይወጣል። እኛስ ብንሞክረው ብዬ አሰብኩ። የምናውቀው ወጣት ሠዓሊ አለ። ሐይቁ ዳር ለቱሪስት ብራና ላይ እየሣለ ይሸጥ የነበረ ልጅ ነው። እሺ ብሎናል።

ምን ይሣል? ስንት ይታተም? ለልጁስ እንዴት ነው የሚከፈለው? እናቴ ደግሞ «ጠጅና ቲሸርት ምን አገናኘው?» እያለች ስለሆነ ለእሷም መልስ ስጡልኝ።

ብርሌ_አንገት

የእናትሽ መልስ ቀላል ነው። ጠጅ መንገደኛ አይደለም። ወደ ውጭ በሚበር አውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይዞ መግባት አይቻልም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልክተተው ብትይም ጠጅ ጠርሙስ ገባሁ ብሎ መፍላቱን አይተውም። ጋዙ ክዳኑን ይገፋና ልብስሽን ሁሉ ማር በማር ያደርገዋል። ቲሸርት ግን ታጥፎ ይገባል። አይፈስም፣ አይኮመጥጥም። የለበሰውን ሰው ያየ ደግሞ «ይሄ የት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ለእማማ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ደረቅ ጠጅ ነው የምትጥለው ወይስ ለስላሳ?

የማር_ልጅ

ሁለቱንም። ደረቁ ነው ግን ስሟን ያስጠራት። 😀

ፌርማታ

እኔ ልቃወም። የጠጅ ቤት ስም ደረቴ ላይ ለጥፌ አባቴ ፊት ልቁም? ቢሮስ ለብሼው ልገባ? ሰዉ ምን ይለኛል? የወይን ነገር ሌላ ነው፤ ፈረንጅ ወይን ጠጣ ሲባል እንደ ሥልጡን ነው የሚቆጠረው። እዚህ «ጠጅ ቤት» ሲባል ሰው የሚያስበውን ታውቂዋለሽ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገበያው ግን የለም። ቱሪስቱም እንደ ድሮው አይደለም።

ኪነት_ዳር

ፌርማታ ያለው እውነት አለው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ችግሩ ቲሸርቱ አይደለም። ደረት ላይ የሚለጠፈው ስም ነው። ሰው የሌላውን ንግድ ስም በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አይለብስም። በነፃ የተሰጠው የቢራና የባንክ ቲሸርት እንኳ ቤት ውስጥ መወልወያ ነው የሚሆነው። ሥዕል ከሆነ ግን ይለብሳል።

ስለዚህ ፊት ለፊት ሥዕል ብቻ። ምንም ጽሑፍ የለም። የቤቱ ስም ከኋላ፣ ከአንገት በታች፣ በትንሹ። የሠዓሊውም ስም እዚያው። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ይጠይቃል። ፌርማታም አባቱ ፊት ሥዕል ለብሶ ይቆማል።

ወይን ጠማቂዎቹም ነገሩን ከቲሸርት አልጀመሩትም፤ ጠርሙስ ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ነው የጀመሩት። ፈረንሳይ ውስጥ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባል ታላቅ የወይን ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ባለቤቱ ባሮን ፊሊፕ፣ ፊሊፕ ዡሊያን በተባለ ወጣት ሠዓሊ የድል ምልክት ያለበት ወረቀት አሣለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለማለት ይቻላል የተለየ ሠዓሊ ይጠራሉ። ዳሊ በ1958፣ ሚሮ በ1969፣ ሻጋል በ1970፣ ዋርሆል በ1975 ሠርተውላቸዋል። የ1973ቱ ላይ የፒካሶ ሥዕል ነው ያለው። ሰው ወይኑን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ባዶውን ጠርሙስ የሚያስቀምጠው ለምን ይመስላችኋል? ለሥዕሉ ነው።

እነዚህ ቱጃሮች ናቸው፤ ትንንሾቹ ከእነሱ አይተው ነው ወደ ቲሸርት ያመጡት። ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ሠዓሊው የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ስሙም ይጻፋል።

ብርሌ_አንገት

> ሠዓሊው የራሱን ሥራ ይሠራል

ክፍያውስ? ለዳሊ ስንት ከፈሉት?

ኪነት_ዳር

በወይን ነው የሚከፍሉት። በሣጥን በሣጥን ወይን ይሰጣቸዋል። የማር_ልጅ ግን ይህን እንዳትሞክሪው። የሙቶን ወይን ተቀምጦ ዋጋው ይጨምራል። ጠጅ ተቀምጦ ምን እንደሚሆን እናትሽ ትነግርሻለች። በጠጅ የተከፈለው ሠዓሊ ሁለተኛ ሥዕል አያመጣልሽም።

ጌሾ_ዘጌ

ምን ይሣል ላልሽው እኔ ሐሳብ አለኝ። ዘጌ ጀልባ ተሳፍራችሁ ሂዱ፤ ጌሾው እዚያው፣ ቡናው እዚያው፣ ሎሚው እዚያው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ እዩት። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች! ከእነሱ አንድ መልአክ አንሥታችሁ ብርሌ ብታስይዙት በቃ፣ ዓለም ይገዛዋል።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ኧረ ወንድሜ! ኧረ በእመቤታችን! መልአክ ብርሌ ይዞ?

ሥዕሉ እዚያ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሊጸለይበት ነው። መጋረጃ የሚጋረደው፣ ጫማ አውልቀን የምንገባው ለምን ሆነና? ጠጅ ቤት ቲሸርት ላይ ሲወጣ ሰው ለብሶት ላብ በላብ ይሆናል፣ ይተፋበታል፣ ሲያረጅ ወለል ይወለወልበታል። ገዢም አታገኙም፤ መጀመሪያ የሚቆጣው የሰፈሩ ሰው ነው። እኔ ጠጅ አልጠላም፤ ለበዓል እጠጣለሁ። ቦታ ቦታውን ይያዝ ነው የምለው።

ጌሾ_ዘጌ

እሺ ተቀብያለሁ። ፊቱን ትቼ አሣሣሉን ብቻ ብወስድስ? ወፍራሙ ጥቁር መስመር፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ትልቁ ዓይን። እሱ የማንም አይደለም።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

እሱ ሌላ ነገር ነው። መስመሩና ቀለሙ የአገር ነው። ቅዱሳኑን ብቻ ተዉልን። እንዲያውም ልንገራችሁ፤ በድሮው ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጠጅ ጠጪውን ስትሥሉ በሁለት ዓይን አድርጉት፤ አለበለዚያ ደንበኛ ይቀየማል። 😄

ኪነት_ዳር

ሃሃ፣ ይህ ምክር በወርቅ አይገዛም።

አሜሪካ ውስጥም ሥዕል ችግር አምጥቶ ያውቃል። ካሊፎርኒያ ሶኖማ ያለው ኬንዉድ የሚባል ወይን ጠማቂ የሠዓሊ ወረቀት ሲጀምር፣ ለ1975ቱ ወይን ዴቪድ ላንስ ጎይንስን አሣለ። ሠዓሊው ኮረብታ ላይ የተጋደመች ራቁቷን ያለች ሴት ሣለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነውር ነው ብሎ ከለከለው። ሰውየው ደግሞ ነገረኛ ነው፤ ሴቲቱን አጽም አድርጎ መልሶ ላከው። እሱም ተከለከለ። በመጨረሻ ኮረብታው ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም።

ስክሪን_አንሺ

ማተሚያ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ልክ ልኩን ልንገርሽ።

ሦስት መንገድ አለ። ሰብሊሜሽን፣ ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ጨርቁ ውስጥ የሚገባበት፣ ርካሽ ነው፤ ግን የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ነው፣ ያውም ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ላይ። የባሕር ዳር ሙቀት ላይ ፖሊስተር ለብሰሽ እስከ ፔዳ በእግርሽ ሂጂና ንገሪኝ። ተይው። ሁለተኛው ዲቲኤፍ ነው። ፊልም ላይ ታትሞ በሂት ፕሬስ፣ በሚግል መጫኛ ማለት ነው፣ ይለጠፋል። ቀለም የፈለግሽውን ያህል ይወስዳል፤ አንድም ሁለትም ማሳተም ትችያለሽ። ግን ደረትሽ ላይ ላስቲክ እንደተለጠፈ ይሰማሻል፤ አያስተነፍስም። ሦስተኛው ስክሪን ነው፤ ቀለሙ ፍሬም ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ አልፎ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። ለሠዓሊ ሥራ እኔ የምመክርሽ እሱን ነው።

ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይፈልጋል። ሦስት ቀለም ካለ ሦስት ፍሬም ነው። ወጪው እዚያ ላይ ነው፤ ፍሬሙ ከተሠራ በኋላ አሥርም አተምሽ መቶ ያው ፍሬም ነው። ለዚህ ነው አሥር ቲሸርት በስክሪን የማያዋጣው። ሠዓሊውን ከመጀመሪያው «በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ሥራው» በይው። ሠርቶ ካመጣ በኋላ ቀለም መቀነስ ሥራውን መግደል ነው።

ስለ ጠጅ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ ጥቁር ቲሸርት ላይ ብቻውን አይወጣም፤ ጭቃ ይመስላል። ከሥሩ ነጭ መደብ ይታተማል፤ እሱም አንድ ፍሬም ነው። ነጭ ወይም ክሬም ቲሸርት ላይ ካተምሽው ግን ቢጫው ራሱን ችሎ ያበራል። በውኃ የሚቀጠን ቀለም ከተጠቀሙልሽ ደግሞ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፤ በእጅሽ ስትዳስሺው ቀለም መኖሩ አይታወቅሽም።

ስትረከቢ ዝም ብለሽ ቆጥረሽ አትሂጂ። አንዱን አንሥተሽ ሥዕሉ ላይ በሁለት እጅሽ ወጠር አድርጊው። ቀለሙ እንደ ደረቀ መሬት ከተሰነጠቀ አልበሰለም ማለት ነው። ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም በደንብ የሚይዘው ወደ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ቶሎ ቶሎ የሚያወጣ አለ። ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ልጣጭ ነው የሚሆነው፤ ስሙ የሚጠፋው ደግሞ የማተሚያ ቤቱ ሳይሆን የእናትሽ ነው።

ፌርማታ

አንተ ሰውዬ ማተሚያህ የት ነው? ለሠርግ የምናሳትመው አለን።

ስክሪን_አንሺ

በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ግን ጥር ላይ እንዳትመጣ። ለጥምቀት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ስለሚያሳትም ቀና የምንልበት ጊዜ የለንም። የማር_ልጅ፣ አንቺም ከጥር 11 በፊት ያሉትን ሳምንታት ሽሺያቸው። ሚያዝያ ይሻላል።

ጌሾ_ዘጌ

ከቲሸርት ይልቅ የአቡጀዲ ቦርሳ ቢሆንስ? ከተማችን የጨርቃጨርቅ ከተማ ናት እኮ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው። ዩኒቨርሲቲያችንም የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። የእነሱን ተማሪዎች ብታማክሪ ጥሩ ነው፤ ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልግ አይጠፋም።

ብርሌ_አንገት

ቦርሳው ሌላ ክር ይከፈትለት። ተማሪዎቹን ማማከር ግን ጥሩ ሐሳብ ነው።

አንቀጽ_ቁጥር

የሕግ ሰው ነኝ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ።

የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ነው። ብዙ ሠዓሊ «እኔ ስለሣልኩት የእኔ ነው» ብሎ ያምናል። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብቱ፣ የመጀመሪያ ባለቤት ያዘዘው ሰው ነው። ይህ ማለት ዛሬ በቃል «ሣልልኝ» ብላችሁ ብትቀሩ ነገ እናትሽ ያንን ሥዕል ኩባያ ላይም ጃንጥላ ላይም ብታትመው ልጁ የሚከራከርበት አያገኝም። መብቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል።

አንቺ ቅን ሰው እንደሆንሽ ከጽሑፍሽ ያስታውቃል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ሥዕሉ የሠዓሊው ነው፤ ጠጅ ቤቱ ቲሸርት ላይ ብቻ፣ ይህን ያህል ፍሬ እንዲያትም ፈቅዷል። ሌላ ነገር ላይ ከታተመ እንደገና መነጋገር ነው። ስሙ ይጻፋል። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ምስክርም ይኑር።

ሌላው የመጠጥ ማስታወቂያ ነው። በ2011 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ ኪነት_ዳር ያለው፣ ፊት ለፊት ሥዕል እንጂ ስም አይጻፍ የሚለው፣ በሕግ ዓይንም ይሻላል። ከማሳተማችሁ በፊት ንድፉን ይዘሽ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቂ። የልጆች ልክ ግን በጭራሽ እንዳታሳትሚ።

የማር_ልጅ

> ሥዕሉ የሠዓሊው ነው፤ ጠጅ ቤቱ ቲሸርት ላይ ብቻ

ይህን ለልጁ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔኮ እስከ ዛሬ ወረቀት ፈርሜ አላውቅም» አለኝ። ሆቴሎች ግድግዳቸው ላይ ያሣሉትን ሁሉ በቃል ነበር የሠራው። አንዱ ሆቴል ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ ፖስት ካርድ አድርጎ ሸጦበታል። የሰጠው ነገር የለም።

ክፍያው ላይ ምን ትላላችሁ? አንድ ጊዜ ቆርጠን እንስጠው ወይስ ከእያንዳንዱ ሽያጭ?

ኪነት_ዳር

ሁለቱንም። መጀመሪያ ለሥራው ትንሽም ብትሆን ቁርጥ ክፍያ ስጡት። ሠዓሊ ቲሸርቱ እስኪሸጥ ሆዱን ይዞ አይጠብቅም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቲሸርት ላይ ድርሻ ይኑረው። ድርሻ ያለው ሰው ሥራውን ራሱ ያስተዋውቃል፤ ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል። የራሱንም ጥቂት ፍሬ በነፃ ውሰድ በሉት፤ የፈለገውን ያድርገው።

ብዛቱ ላይ ደግሞ ስስታም ሁኚ። ለምሳሌ 60 አትሙና አቁሙ። ሲያልቅ «እንደገና አትሙ» የሚል ይመጣል፤ እንዳትሰሚው። ለሚቀጥለው ሌላ ሠዓሊ፣ ሌላ ሥዕል። ሰው የሚሰበስበው የማይደገም ነገር ነው። ሙቶንም ያንኑ ሥዕል ለሁለት ዓመት ወይን ቢደግመው ኖሮ ማንም ዞሮ አያየውም ነበር።

ፌርማታ

60 ለማን? እኔ አሁንም ገዢው አልታየኝም።

ስክሪን_አንሺ

ፌርማታ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ የማትመው ለፈረንጅ መሰለህ? ተመራቂ ነው፣ ሠርግ ነው፣ ማኅበር ነው። ለክረምት ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ባሕር ዳርን የሚያስታውስ ነገር ፈልጎ የሚያገኘው ሁልጊዜ ያው ታንኳ፣ ያው ጢስ ዓባይ ነው። ፏፏቴውን አይቼው ሰለቸኝ፤ የምትመጣው ፋይል ሁሉ እሱ ነው።

የማር_ልጅ

ንድፉ መጣ! ፎቶው አልጫን ብሎኛል፤ በቃል ልንገራችሁ።

ታንኳ የለም፣ ፏፏቴ የለም። እጅ ብቻ ነው። የሽማግሌ እጅ፣ የቆዳው መስመር እንደ ድሮው ሥዕል በወፍራም ጥቁር የተሠራ። ብርሌውን አንገቱ ላይ ይዞታል፤ አውራ ጣቱን ደግሞ አፉ ላይ ደፍቶታል። ጠጅ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ወሬ እያወራ ነፍሳት እንዳይገባበት በጣቱ የሚዘጋት ነገር። ከጣቱ በላይ አንዲት ንብ ትዞራለች። ንቧ ሁለት ትልልቅ ዓይን አላት፣ ፊት ለፊት ታያለች። የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ፣ ይህን ያንተን ቀልድ ነግሬው ነው።

ሁለት ቀለም ነው፤ ጥቁርና ቢጫ። ቲሸርቱ ክሬም። ከኋላ አንገት ሥር የቤቱ ስም በትንሹ፣ ከሥሩ የሠዓሊው።

እናቴ አየችውና «ይሄ የአያትሽ እጅ ነው» አለች። ልጁ አያቴን አያውቀውም።

ብርሌ_አንገት

ጣቱን አፉ ላይ! ይህን ማን አሰበው! እኔ በየቀኑ የማደርገው ነገር ነው እኮ።

የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ንቧ ጻድቅ ሆነች ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ማሩን የሠራችው እሷ አይደለች።

ስክሪን_አንሺ

ሁለት ፍሬም፣ ክሬም ጨርቅ፣ ነጭ መደብ አያስፈልግም። ልጁ ሥራውን ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ፤ የንቧ ክንፍ ላይ ያሉት መስመሮች በጣም ከቀጠኑ ስክሪኑ ላይ ይደፈናሉ። በቲሸርቱ ትክክለኛ ልክ ወረቀት ላይ አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊውና ራቅ ብለሽ እዪው። የማይታይሽ መስመር ማተሚያ ላይም አይወጣም። ጨርቁን ደግሞ መቶ በመቶ ጥጥ ግዙ፤ አንዱን አስቀድማችሁ እጠቡት። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ «ላርጅ» ብለሽ የሸጥሽው «ሚዲየም» ሆኖ እንዳይመለስብሽ።

አንቀጽ_ቁጥር

ወረቀቱን ሳትፈራረሙ ፋይሉን ለማተሚያ ቤት አትስጡ። ማተሚያ ቤቱም ከታዘዘው ቁጥር በላይ እንዳያትም፣ ፍሬሙን ወይ እንዲመልስ ወይ እንዲያጥበው ጻፉ። ስክሪን_አንሺ፣ አንተን አይደለም።

ስክሪን_አንሺ

ገብቶኛል፤ እውነቱን ነው የተናገርከው። ትርፍ አትሞ ገበያ የሚያወጣ አለ።

ፌርማታ

እሺ፣ እጁን ስለወደድኩት ነው። የስሙ ጽሑፍ ከኋላ ምን ያህል ነው የሚሆነው?

የማር_ልጅ

ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።

ፌርማታ

አንድ ያዢልኝ፤ ኤክስ ኤል። ለአባቴም አንድ።

ጌሾ_ዘጌ

ለእኔም ላርጅ፤ ዘጌ የሚመጣው ጀልባ ላይ ላኪልኝ። የሴት ልክስ አለው? ባለቤቴ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

የማር_ልጅ

የሴት ልክ አለው፤ አንገቱ ትንሽ ሰፋ ይላል። የሚፈልግ ሁሉ ልኩን እዚሁ ይጻፍ፤ ሐሙስ ዕለት ለልጁም ለማተሚያ ቤቱም ቁጥሩን እሰጣለሁ። ከ60 አያልፍም።